ደንገል በኪታብ ስልቻ

ባሕር ዳር፣ ሐምሌ 9 ቀን 1982 ዓ.ም.

ውድ ሀብተ ሥላሴ፣

ይህን ደብዳቤ ለፖስታ ቤት አላመንሁትም። ወንድሜ ሰላሁዲን በርበሬ ጭኖ አዲስ አበባ ሊሄድ ነው። ከዚያ ወደ አርባ ምንጭ የሚመላለስ ሾፌር ጓደኛ አለውና በእሱ እጅ ይደርስሃል። ማንም እንዳይከፍተው ሰላሁዲንን በቁርኣን አስምዬዋለሁ፤ እሱ ደግሞ ጓደኛውን በሚካኤል ያስምለዋል። ስለዚህ እንደ ልቤ እጽፋለሁ። የሰባት ዓመት ጥርቅም ነውና ረዘመ ብለህ እንዳትቆጣ።

ደብዳቤን ከመጨረሻው ገጽ መጀመር እንደምትወድ ስለማውቅ ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገርህ። አባትህ መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ደክመዋል። ዓይናቸው ፈዟል፣ ሳልም አልለቃቸው ብሏል፤ ይህን ክረምት መሻገራቸውን እሳቸውም አያምኑ። ሊያዩህ ይፈልጋሉ። አንዱ ይኼ ነው። ሌላው፣ ወረቀቶችህን አላቃጠልኋቸውም። ዋሽቼህ ነበር።

ነሐሴ 1974 ከእስር በተፈታህ በሦስተኛው ቀን ሱቃችን መጣህ። ኮትህ ሰፍቶህ፣ ፀጉርህ ከፊት ሳስቶ፣ አባቴ ከደንበኛ ጋር እስኪጨርሱ ከደጅ ቆመህ ጠበቅህ። ከዚያ ጠጋ ብለህ «ጀሊላ፣ ወረቀቶቼስ?» አልኸኝ። እኔም አምስት ዓመት ስለማመደው የከረምሁትን መልስ ሰጠሁህ።

«አቃጠልኋቸው።»

«ሰባቱንም ቁጥር?»

«ሰባቱንም።»

«ካርዶቹንም?»

«ሁሉንም አልሁህ እኮ።»

ትንሽ አሰብህና፣ «ባዶውንም ገጽ?» አልኸኝ።

«ባዶውንም።»

«ባዶ ወረቀት ምን አደረገሽ?»

ይህን ስትል አልተቆጣህም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ፈገግ ብለህ «ደኅና ዋይ» አልኸኝና ሄድህ። ከዚያ ወዲያ በሱቃችን ደጅ ስታልፍ በወዲያኛው ጥግ ነበር የምትሄደው። በዓመቱ አርባ ምንጭ መመደብህን ከሰው ሰማሁ። እዚያም ሐይቅ አለ ብለው ሲነግሩኝ፣ «እንግዲያ ኤግዚቢሽኑን አልተወም» ብዬ ለብቻዬ ሳቅሁ፤ ቀጥሎም አለቀስሁ።

እንዴት እንደ ተዋወቅን ትዝ ይልሃል? እኔ መቼም አልረሳውም። ኅዳር 1965 ነው። ግማሽ ኪሎ ስኳር ገዛህ፤ እኔም እንደ ልማዴ ከመጠቅለያው ክምር አንድ ወረቀት መዝዤ በሾጣጣው ጠቅልዬ ሰጠሁህ። የመጠቅለያ ወረቀት ከየመሥሪያ ቤቱ በኪሎ ነበር የምንገዛው። ያረጀ ጋዜጣም፣ የተማሪ ፈተናም፣ የፍርድ ቤት አቤቱታም ይገኝበታል። አንተ ወረቀቱን አየት አደረግህና ፈትተህ፣ ስኳሩን ከኮትህ ኪስ ገለበጥኸው።

«ምን ነካህ?» ብዬ ጮኽሁ።

«ይኼ ወረቀት ስኳር የሚጠቀለልበት አይደለም።»

«እና ምን ይጠቀለልበት?»

«ምንም!»

አባቴ ሐጂ ሙሀመድዘይን ከጓዳ ብቅ አሉ። «ይኼ ሰውዬ ደኅና ነው?» አሉኝ። «የመሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ልጅ ነው፣ የሥዕል አስተማሪው» አልኋቸው። «እንግዲያ ትምህርት በዝቶበት ነው» ብለው ተመለሱ። ወረቀቱ የአዲስ አበባ ተማሪዎች በድብቅ ካባዙት መጽሔት የተቀደደ ገጽ ነበር። የኮትህ ኪስ ግን እስከ ገና ድረስ ጉንዳን አልለየውም።

ከዚያ በኋላ ክምሩን መበርበር ሥራዬ ሆነ። በስቴንስል የተባዛ፣ አሳታሚው ያልተጻፈበት፣ ቀለሙ የፈሰሰ፣ ሥዕሉ በእጅ የተጫረ ካገኘሁ ከስኳሩ ጆንያ ሥር አኖርልሃለሁ፤ አንተም ቅዳሜ ቅዳሜ መጥተህ ትወስዳለህ። የተከለከሉ መጽሔቶች ብቻ አልነበሩም የምትለቅመው። የቴአትር ቲኬት፣ የሥዕል ኤግዚቢሽን መጥሪያ፣ ጀርባው ላይ ግጥም የተጻፈበት የአውቶቡስ ደረሰኝ፣ አንድ ሠዓሊ የራሱን ፊት የሣለበት የክብሪት ቀፎ። «ይኼ ምን ይሠራል?» ስልህ፣ «የሚጣል ነው ተብሎ ነው የተሠራው፤ ስለዚህ የሚዋሽበት ምክንያት የለውም» አልኸኝ። ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር። ዛሬ ይገባኛል፤ ውሸት ምን እንደሆነ ስላወቅሁ ይሆናል።

የበርበሬውን እድፍ ልጠርግልህ ስል እጄን የያዝኸኝንም አልረሳም። «ተይው፤ እድፉም ታሪኩ ነው።» በየወረቀቱ ጀርባ በእርሳስ ትጽፍ ነበር፤ መቼ እንደ ተገኘ፣ ከማን እጅ፣ ምን ተጠቅልሎበት እንደ ነበር። «ከጀሊላ ሱቅ፣ ሩብ ኪሎ ኮረሪማ» የሚል አንድ አለ። ስሜ የሰፈረበት የመጀመሪያው መዝገብ እሱ ነው።

ቀጥሎ የራሳችሁን መጽሔት ጀመራችሁ፤ አንተና ሁለት ባልደረቦችህ፣ በትምህርት ቤቱ ማባዣ፣ ዘበኛው ለምሳ ሲወጣ። ስሙን «ደንገል» አላችሁት። ለምን እንደ ሆነ ስጠይቅህ ወደ ሐይቁ አሳየኸኝ። «የደንገል ታንኳ ከጥቂት ወር በላይ አይቆይም፤ ውኃ ይጠጣል። ያን ጊዜ አዲስ ይታሰራል። ማንም ግን ታንኳ አለቀ ብሎ አያውቅም።» ሽፋኑን እንደ ብራና መጽሐፍ በሐረግ አስጌጥኸው፤ ሐረጉ መካከል ዓይናቸው የጎላ መላእክት ሣልህበት። ከአባትህ ብራና ሥር ያደገ ልጅ ሌላ ምን ይሥላል? ይህ ሽፋን በኋላ ምን እንዳደረገ እነግርሃለሁ።

በአምስተኛው ቁጥር አንድ ገጽ ባዶ ተውህ። ከግርጌው «ይህን ገጽ አንባቢ ይሙላው» ይላል፤ ሌላ የለበትም። «ወረቀት እንዲህ ተወዶ!» ብዬ ተቆጣሁህ። «ሥራው እሱ ነው» አልኸኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ ያኔ አባቴ ስላንተ ያሉት ትክክል መስሎኝ ነበር።

ጥቅምት 1967 ደግሞ ያ ኤግዚቢሽን መጣ። ደርግ ከመጣ ሁለት ወር አልሞላውም፤ ሁሉም ሰው አዋጅ ይጠብቃል፤ አንተ አርባ ካርድ አባዝተህ በከተማው በተንህ።

«ኤግዚቢሽን፦ ጣና። ቦታ፦ ባሉበት። ሰዓት፦ ከንጋቱ አሥራ ሁለት። መግቢያ በነጻ።»

ለአባትህ የሰጠኸው በሁለት እጅህ ነበር። መሪጌታ ከዛፍ ሥር ቅኔ እያስቆጠሩ ነበር፤ ካርዱን አነበቡና «የእግዜርን ውኃ ለእኔ አንተ ልታሳየኝ?» ብለው መለሱልህ። ተማሪዎቻቸው ሳቁ። ይህን ስትነግረኝ አንተም ለመሳቅ ሞከርህ፤ አልሆነልህም።

ቅዳሜ ጧት «ባሉበት» ያልኸውን ትተህ ከዳርቻው ከዋርካው ሥር ስድስት ወንበር ደረደርህ። የመጣሁት እኔ ነኝ፤ መረቡን ሲያወጣ የነበረ አንድ ዓሣ አስጋሪ ነበር፤ አንድ የማዘጋጃ ቤት ዘበኛም መጥቶ «ፈቃድ አለህ?» አለህ።

«ለምኑ?»

«ለሐይቁ።»

ሦስታችንም ሳቅን፤ ዘበኛው ግራ ገብቶት ቁጭ አለ፤ ቁጭ ካለም በኋላ አልተነሣም። ፀሐይዋ ወጣች። ሐይቁ መጀመሪያ አመድ መሰለ፣ ቀጥሎ የነሐስ ሰሃን። ተወልጄ ባደግሁበት ከተማ ጣናን ያን ቀን ነው ያየሁት። ከመጀመሪያው ረድፍ አንድ ወንበር ላይ ጋቢህን አንጥፈህበት ነበር፤ ለማን እንደ ሆነ አልጠየቅሁህም። እስከ መጨረሻው ማንም አልተቀመጠበትም። ያን ጧት ወድጄህ ነበር ሀብቴ። የመሪጌታ ልጅና የሐጂ ልጅ ነበርንና አፌን ዘጋሁ፤ አንተም የዘጋህ ይመስለኛል። ዛሬ ባሌ ሙሔ ይህን ያውቃል፤ «ስኳር ከኪሱ የሚከት ሰው ወደድሽ?» እያለ ይቀልድብኛል። ያ ፍቅር ዛሬ በልቤ የለም፤ ግን ሳልናገረው ብሞት ይቆጨኝ ነበር።

መጋቢት 1969 ወረቀት እንደ ፈንጂ የሚፈራበት ጊዜ ሆነ። ከሰው ቤት አንድ በራሪ ወረቀት ተገኘ ማለት የቤቱ አባወራ አይመለስም ማለት ነበር። አንተ ሁሉንም በአንድ ጠፍረህ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየህ መጠቅለያ እንደሚሸጥ ሆነህ መጣህ። ሚዛን ላይ አስቀመጥሁት፤ አራት ኪሎ ከሩብ ነበር። «በርበሬ እንዳትጠቀልይበት» አልኸኝ። «እመልስልሃለሁ» አልሁህ። በሳምንቱ ወሰዱህ።

እንግዲህ የደበቅሁበትን ልንገርህ። በእኛ ዘንድ የአላህ ቃል ያለበት ወረቀት አይጣልም፣ አይረገጥም። ያረጀ ቁርኣን፣ የተበጣጠሰ ኪታብ፣ የልጆች የቂርኣት ወረቀት ሳይቀር በአንድ ስልቻ ይጠራቀማል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ እያመጣ ለአባቴ ይሰጥ ነበር፤ ስልቻው ከመጋዘናችን ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ረመዳን ሲቃረብ፣ አባቴ ውዱእ አድርገው በታንኳ ይወስዱና እግር ከማይረግጠው ንጹሕ መሬት ይቀብሩታል። እኔ ያንተን የወረቀት እስር ከዚያ ስልቻ ከተትሁት።

የአብዮት ጥበቃዎች በሁለተኛው ቀን ጧት መጡ። ጆንያውን ሁሉ በሽቦ ወጉት፤ የስኳሩን፣ የጨውን። አንደኛው ስልቻውን ሊያወርድ እጁን ሲዘረጋ አባቴ ከመቀመጫቸው አልተነሡም።

«የአላህ ቃል ነው» አሉት። «የምትነካው ከሆነ ውኃ ላምጣልህ፤ ታጠብ።»

ልጁ እጁን አየ። ከዚያ መለስ አደረገው። እኔ ከበርበሬው ጆንያ ኋላ ቆሜ አይ ነበር። አባቴ ምን እንደ ጠበቁ አያውቁም፤ አላወቁም ብዬ ነበር የማምነው።

ወረቀቶችህ በደኅና ቦታ ናቸው ብዬ ተዘናጋሁ። ግንቦት ላይ አክስቴ ሸሪፋ ባሏ ሞቶባት መራዊ ለቅሶ ሄድሁ፤ ዐሥር ቀን ቆየሁ። ስመለስ ምስማሩ ባዶ ነው። ያን ዓመት ሰው ሁሉ ከቤቱ ወረቀት እያወጣ ስለ ነበር ስልቻው ቶሎ ሞልቶ አባቴ ያለ ጊዜው ወስደውታል። ከተቀበረበት ላውጣ ብል የቁርኣን መቃብር ልቆፍር ነው። ለአባቴ ልንገር ብል በአላህ ቃል መካከል ምን እንደ ከተትሁ ልናዘዝ ነው። አንተም ስትፈታ እውነቱን ብነግርህ ዶማ ይዘህ እንደምትሄድ አውቅ ነበር፤ ያን ጊዜ ደግሞ በሄድህበት ሁሉ ሰው ይከተልሃል። ይህን የመጨረሻውን ለራሴ ደጋግሜ እነግረው ነበር። እውነት ነው፤ ግን ሰበብም ነው። ዋናው ነገር እመልስልሃለሁ ብዬ አለመመለሴ አሳፍሮኝ ነበር። የተቃጠለ ነገር ደግሞ ማንም መልሽ አይልም።

አባቴ አምና በጥር አረፉ። ስልቻው ለወንድሜ ተላለፈ። ዘንድሮ ረመዳን ሊገባ ሲል ሰላሁዲን ስልቻውን አውርዶ፣ ንጹሕ አቡጀዲ አንጥፎ፣ ወረቀቱን አንድ በአንድ ማውጣት ጀመረ።

«ትከፍተዋለህ እንዴ?» አልሁት።

«ሳይለይና በነጭ ጨርቅ ሳይከፈን ይቀበራል እንዴ? አባባም እንዲሁ ነበር የሚያደርጉት።»

የወንዶች ሥራ ነበርና አይቼው አላውቅም። ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ያን ደቂቃ ግን እንደ ሕፃን መሬት ቁጭ አልሁ። «በ69 ዓመተ ምሕረት ስትለዩ የአማርኛ ወረቀት አላገኛችሁም?» አልሁት። ሳይደነቅ መለሰልኝ፤ ለካ ጠይቄው ስለማላውቅ ነው እንጂ ምስጢርም አልነበረም።

አባቴ ያን ጊዜ ዐረብኛ እንጂ የአማርኛ ፊደል አይለዩም ነበር። ከስልቻው የአንተን እስር ሲያወጡ ሐረጉን አዩ፣ ባለ ትልልቅ ዓይን መላእክቱን አዩ። የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ መሰላቸው። አንድ ክርስቲያን ጎረቤት እንደ እኛው ቅዱስ ወረቀቱን ከመጣል ፈርቶ አደራ ያኖረብን መሰላቸው። «የእኛ ቃል ከእኛ መሬት ይገባል፤ የእነሱን እነሱ ያውቁታል» ብለው በሌላ አቡጀዲ ጠቀለሉት። ከዚያ ከሰላሁዲን ጋር ይዘውት ሄዱ። የት መሰለህ? በከተማው ከሚያውቋቸው የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት የሚያምኑት አንድ ነበር። ከአባትህ ቤት!

ሰላሁዲን እንደ ነገረኝ አባቴ በሁለት እጃቸው አቀረቡት። «መሪጌታ፣ ይኼ ከኛ ኪታብ መካከል ገብቶ ተገኘ። ከመሬት ላግባው ብል ፈራሁ፤ ሥርዓቱን እናንተ ታውቁታላችሁ» አሉ። አባትህ ፈታ አድርገው አዩ። አንተ ከታሰርህ ወር ከሳምንት ሆኖህ ነበር፤ ጥበቃዎቹም ቤታቸውን ሁለቴ ፈትሸውታል። ያን እስር ይዘው ቢገኙ ምን እንደሚሆኑ ያውቃሉ። ብድግ ብለው እስሩን ተሳለሙትና፣ «የእኛ ነው ሐጂ። በክብር ይቀመጣል። እግዜር ይስጥልኝ» አሉ።

ይህን ከሰማሁ በኋላ መሄድ ነበረብኝ። እናትህ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ካረፉ ወዲያ አባትህ ቆብ ጭነው ደሴት መግባታቸውን ታውቃለህ፤ ሴት የማይገባበት ገዳም ነው። ግንቦት ላይ ታንኳ ተከራይቼ ሄድሁና ከወደቡ ሳልወርድ ተቀመጥሁ። አንድ መነኩሴ ጠራልኝ። አባትህ በዱላ እየተመሩ መጥተው ከድንጋይ ላይ አረፍ አሉ፤ እኔ ከታንኳ፣ እሳቸው ከየብስ፣ መካከላችን ሁለት ክንድ ውኃ።

«የሐጂ ልጅ ነሽ?» አሉኝ። «አባትሽን ነፍስ ይማር። ለወረቀቱ ነው የመጣሽ?»

«እንዴት አወቁ?»

«ሌላ ምን ያመጣሻል፣ ልጄ? ዐሥራ ሦስት ዓመት አንድ ሰው ይመጣል ብዬ ጠብቄአለሁ።»

ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ስልቻውን፣ ውሸቴን፣ አንተን። ሲሰሙኝ ቆይተው ከዚህ በታች ያለውን ነገሩኝ፤ ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፍልሃለሁ።

«እኔ አፌ ለሐሰት አልተማረም። ጥበቃዎቹ በሦስተኛው መጥተው የልጅህ ወረቀት የት ነው ቢሉኝ፣ አላውቅም ብል ነፍሴን፣ አውቃለሁ ብል ልጄን አጣለሁ። ስለዚህ ከማልጠየቅበት ገባሁ። ሰው ለጽድቅ ነው ብሎ አከበረኝ፤ እኔ ሸሽቼ ነው የመነኮስሁ።»

«ከእስር ቤትስ ሄደው ለምን አልጠየቁትም?» አልኋቸው።

«ከበሩ ላይ ጠባቂዎቹ ማን ነህ ይላሉ። አባቱ ነኝ ካልሁ ይጠይቁኛል፤ ከጠየቁኝ እናገራለሁ። ስንቁን ግን አላጎደልሁበትም።»

«በማን እጅ?»

«በአባትሽ ነዋ።»

ሀብቴ፣ ከሱቃችን በየሳምንቱ ይደርስህ የነበረው በሶ ከአባትህ ነበር። እኔ እንኳ የአባቴ ሰደቃ መስሎኝ ነበር ቋጥሬ የምልከው። አባቴ ስለ ወረቀቱ ያውቁ እንደ ነበር ጠየቅኋቸው። «ያን ቀን አያውቁም» አሉኝ። «በኋላ መሠረተ ትምህርት ገብተው ፊደል ከቆጠሩ ወዲያ አንድ ቀን እዚህ ድረስ መጡ። መሪጌታ፣ ያ ዕቃ ዛሬም የእናንተ ነው? አሉኝ። የእኛ ነው አልኋቸው። እንግዲያ ደግ፣ ብለው ተመለሱ።» አባቴ ስምህን ሳነሣ ለምን ወሬ ይለውጡ እንደ ነበር ያኔ ገባኝ።

ለምን እንደ ተሳለሙትም ጠየቅሁ፤ ለማስመሰል ነበር ወይ ብዬ። ተቆጡኝ። «የልጄ እጅ ያለበት ነው!»

ወረቀቶችህ ከብራናዎቹ መካከል በቆዳ ማኅደር ተቀምጠዋል። መነኩሴው አምጥቶ አሳየኝ። ሁለተኛውን ቁጥር ብል በልቶታል፤ የክብሪት ቀፎው ተጨፍልቋል፤ ሌላው አለ። የኮረሪማዬ ወረቀት አለ። ደግሞ ባዶው ገጽ ባዶ አይደለም። አባትህ በመቃ ብዕር ዳር እስከ ዳር ጽፈውበታል። «አንባቢ ይሙላው ይላል፤ አነበብሁ፤ ሞላሁት» አሉኝ። እድፉም ታሪኩ ነው ትል የለ? እንግዲህ አትቆጣ። የጻፉት የዚያን ካርድ ትርጓሜ ነው፤ መጽሐፍ በሚተረጎምበት ወጉ። ከታንኳው ሆኜ የገለበጥሁት ይኸው፦

«ኤግዚቢሽን፦ ጣና አለ። ማሳየት ነው፤ አንድም መግለጥ ነው። ውኃው ተሰውሮ አልነበረም፤ የተሰወረው ዓይን ነው። ባሉበት አለ፤ የሚሄዱበት አይደለምና። መግቢያ በነጻ አለ፤ ፀሐይን ለክፉውም ለደጉም ያወጣልና። አንድም፦ አባቱን ጠርቶ ነበር፤ አባቱ አልገባውም።»

ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ አባትህ ቅዳሜ ቅዳሜ ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት ከደሴቱ ወደብ ይቀመጣሉ። መነኮሳቱ ጸሎት ላይ ናቸው ብለው ያልፏቸዋል። ዓይናቸው አሁን ከብርሃንና ከጨለማ በቀር አይለይም፤ መቀመጡን ግን አልተዉም።

ማኅደሩን እንዲሰጡኝና በሰላሁዲን እንድልክልህ ለመንኋቸው። እንቢ አሉ። «ባለቤቱ ይምጣና ይውሰድ» አሉ። በ75 ልትሄድ ስትል ዲያቆን ልከውብህ፣ «አምስት ዓመት አባት አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም» ብለህ እንደ መለስህ አውቃለሁ። ይህንም ሲነግሩኝ ቅሬታ አላየሁባቸውም፤ «ልክ ነው፤ አልነበርሁም» ነው ያሉት። አንተም ያን የተናገርኸው እኔ ዛሬ የማውቀውን ሳታውቅ ነው። እኔ ቀደም ብዬ ሰላሁዲንን ጠይቄው ቢሆን ሁለታችሁም ይህን ያህል ዓመት አትከስሩም ነበር። ይህን ዕዳዬን ይቅር በለኝ አልልህም፤ ናና ከፊቴ ቆመህ ስደበኝ። ወደ ጎንደር በኩል ነገሩ ጥሩ አይደለም ይባላል፤ እስከ ባሕር ዳር ያለው መንገድ ግን ዛሬ ክፍት ነው። ፍልሰታ ሳይፈታ ድረስ።

ከትናንት በስቲያ ቅዳሜ ደብዳቤ ልጽፍለት ነው ብዬ ልነግራቸው ሄጄ ነበር። ብራና ቁራጭ አስመጡ፤ ብዕር አስመጡ። መነኩሴው እጃቸውን ይዞ መስመሩን አስጀመራቸው። ፊደሉ ተንጋዷል፤ አንዱ ባንዱ ላይ ወጥቷል። እዚህ ውስጥ አድርጌልሃለሁ። ጀርባው ላይ እንዳስተማርኸኝ በእርሳስ ጽፌበታለሁ፦ «ከመሪጌታ ወልደ ዮሐንስ እጅ፣ ከደሴቱ ወደብ፣ ሐምሌ 7 ቀን 1982፤ ምንም አልተጠቀለለበትም።»

ፊቱ ላይ ያለውን ግን ፊደሉ ቢያስቸግርህ ብዬ እዚህ ገልብጬልሃለሁ፦

«ኤግዚቢሽን፦ ጣና። ቦታ፦ ከአባትህ አጠገብ። ሰዓት፦ ከንጋቱ አሥራ ሁለት። መግቢያ በነጻ።»

ታንኳውን እኔ እከራያለሁ። እስከ ወደቡ አደርስህና ከውኃው ላይ ሆኜ አያችኋለሁ።

የስኳር ሻጯ፣
ጀሊላ ሙሀመድዘይን